«ልጄ፣ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የምሠራው ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ጭንቀቴ ስብሰባ ነው። ጠዋት ፈረቃ ከመግባታችን በፊት የሩብ ሰዓት ስብሰባ አለን። ባለፈው ወር ስፌቱ የዘለለ ሸሚዝ በብዛት ተመለሰና ኃላፊያችን ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቀን። ሁሉም የሠራተኛ ቸልተኝነት ነው አሉ። እኔ ግን አብዛኛው ከሁለት ማሽን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አፌ ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ተናገረና ተመሰገነ።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በሰፈራችን ቅሬ (እድር) በእሷ ቦታ የምገባው እኔ ነኝ። እዚያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነብኝ። መዋጮው ከ30 ብር ወደ 50 ይደግ አይደግ ሲባል ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ እናቴ ሕመም ብዙ አወራሁ። ስጨርስ አንድ አባት "ልጄ፣ ምን ይሁን ነው የምትይው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ ቀርቻለሁ። ሰው ፊት በወጉ የሚነገረው እንዴት ነው? ወይስ ዝም ብል ይሻለኛል?

አፏ የተያዘው፣ ከደሴ»

ልጄ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው እኒያ አባት በጠየቁሽ ጥያቄ ላይ ነው። አንቺ እንደ ውርደት ይዘሽዋል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ሊያሳፍርሽ የፈለገ ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞር ብሎ ያጉረመርማል፣ ወይም ገና ሳትጨርሺ ሌላ ወሬ ይጀምራል። «ምን ይሁን ነው የምትይው?» ያለሽ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶሻል። ከሰማው ውስጥ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው ያጣው። ሐሳብሽን ባይፈልገው ኖሮ አይጠይቅሽም ነበር።

ይህን ደፍሬ የምልሽ በምክንያት ነው። እኔ እዚሁ ደሴ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ 11 ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። የጸሐፊ ጆሮ ከሌላው ሰው ጆሮ ይለያል። ሌላው ሰው የንግግሩን ጣዕም ያዳምጣል፣ ጸሐፊ ግን እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ደግኖ «ከዚህ ውስጥ የሚጻፈው የቱ ነው?» እያለ ይጠብቃል። አንድ የሰኔ እሑድ ትዝ ይለኛል፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰበሰብን። ስለ አንድነት፣ ስለ መተሳሰብ፣ ስለ ድሮ ሰው ደግነት ልብ የሚነካ ንግግር ተደረገ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ስብሰባው አልቆ መዝገቡን ሳየው የጻፍኩት አራት መስመር ብቻ ነበር። ከአራቱ አንዱ በር ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት የተናገሩት ነው። «ድንኳኑ በስተቀኝ በኩል ሁለት ቦታ ተቀዷል። ክረምቱ ሳይጠና ይሰፋ። መርፌና ሲባጎ እኔ አለኝ፣ የሚያግዘኝ ሁለት ልጅ ስጡኝ» ብለው ተቀመጡ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ ድንኳኑ ተሰፋ። በዚያ ክረምት ስንት ለቅሶ እንደተቀመጥንበት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴም ለሰውም የምለው አንድ ነገር ነው። እጅሽን ከማንሣትሽ በፊት፣ ተናግረሽ ስትቀመጪ ጸሐፊው ከንግግርሽ የሚጽፈው መስመር የቱ እንደሆነ እወቂ። ያንን መስመር ካወቅሽ አጭርም ተናገሪ ረዥም ችግር የለውም። ካላወቅሽው ግን አንደበትሽ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።

የቅሬውን ንግግርሽን እንመልከተው። የኑሮ ውድነት ለሁሉም የታወቀ ነው፤ የአንቺን ምስክርነት አይፈልግም። ስለ ጎረቤቶችሽና ስለ እናትሽ የተናገርሽው ግን ውስጡ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለው፤ ሳታወጪው ነው የቀረሽው። ልብሽ የሚለው እንዲህ ይመስለኛል፦ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ መዋጮው 50 ይሁን እላለሁ። ነገር ግን በጡረታ ብቻ የሚኖሩና ሕመምተኛ ያለባቸው ቤቶች በ30 ይቀጥሉ። የእኛ ቤት ራሱ 50 ቢባል ሦስት ወር ሳይሞላ ውዝፍ ይገባል። እንዲህ ያለው ቤት ስንት እንደሆነ ኮሚቴው ቆጥሮ ለሚመጣው እሑድ ያምጣልን።» ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ምን እንዲሆን እንደምትፈልጊ አለበት፣ ለምን እንደሆነም አለበት፣ ማን መቼ ምን እንደሚያደርግም አለበት። እኒያ አባት የጠየቁሽ ጥያቄ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተመልሷል። የእናትሽ ሕመምም አልቀረም፤ ቦታውን ስላገኘ ብቻ ከረዥሙ ንግግርሽ ይልቅ ይሰማል።

ብዙዎቻችን ምክንያቱን አስቀድመን ሐሳቡን ለመጨረሻ እናቆየዋለን። በባህላችን በቀጥታ ወደ ጉዳይ መግባት ድፍረት ይመስላል፤ ዙሪያውን ዞሮ መምጣት ነው ጨዋነት የሚባለው። ለሽምግልና፣ ለልመና፣ ለልጅ ጥየቃ ይህ ያምራል። 40 ሰው በተቀመጠበት፣ ምሳው በቀረበበት ስብሰባ ግን ሰሚው ወዴት እንደምትወስጂው ካላወቀ በመንገድ ይደክመዋል። ሰላምታሽን ስጪ፣ አክብሮትሽን በድምፅሽና በአቀማመጥሽ አሳዪ፣ ከዚያ ሐሳቡን አስቀድሚ።

ቀጥሎ ያለው መግቢያው ነው። «መቼ ልግባ?» የሚለው ጭንቀት አፍ ከሚያስሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። አያቴ ጥጥ ስትፈትል እግሯ ሥር እየተቀመጥኩ አይ ነበር። አንዱ አመልማሎ ሲያልቅ የአዲሱን ጫፍ ካለቀው ጫፍ ላይ ደረብ ታደርገውና በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ እንዝርቱን ታሾረዋለች። አትቋጥረውም። «የተቋጠረ ፈትል ሸማኔው ጋ ሲደርስ ይጎረብጣል» ትል ነበር። ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰውም ከፊቱ የተናገረውን ሰው ጫፍ ይዞ ሲጀምር መገጣጠሚያው አይታይም። «አያ እገሌ ስለ ውዝፍ ያነሡት ላይ አንድ ነገር ልጨምር» ብትዪ ማንም «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አይልሽም፤ አያም ቢሆኑ ስማቸው ስለተጠራ ደስ ብሏቸው ያዳምጡሻል።

ይህን ለማድረግ ግን ሲናገሩ መስማት አለብሽ። አፍ የሚያዝበት ሰው ሌላው ሲናገር የራሱን ንግግር በሆዱ ሲደጋግም ነው የሚቆየው። ልቡ እየመታ ተራው ሲደርስ ጨዋታው አልፎ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ እሱ ግን ያዘጋጀውን ይዞ ይነሣል። አንቺም «ዛሬስ እናገራለሁ» ብለሽ የተነሣሽ ቀን የሆንሽው ይህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትንሽ ደብተር ያዢና ሌላው ሲናገር አንድ አንድ ቃል ጻፊ። «ውዝፍ»፣ «ድንኳን»፣ «ሰኔ»። የራስሽን መስመር ከላይ ጽፈሽው ስለቆየ አይጠፋብሽም፤ ጆሮሽ ነፃ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልትዪው ያሰብሽውን ሌላ ሰው ሲለው ትሰሚያለሽ። ያኔ «እኔም ይህንኑ እደግፋለሁ» ብለሽ ተቀመጪ። የተባለውን በሌላ ቃል መድገም ስብሰባውን ከማርዘም በቀር ጥቅም የለውም።

ስትቃወሚስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አገር ስብሰባ ሰው ከሰው የሚቀያየመው በዚህ ነው። «ልክ ነዎት፣ ግን...» የሚለውን ሁሉም ሰው ለምዶታል። «ግን» ስትመጣ ከፊቷ ያለው ምስጋና ሁሉ እንደማይቆጠር ያውቃል። እኔ የሚሻለኝ እንዲህ ነው፦ የሰውየውን ሐሳብ በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪው። «የርስዎ ሥጋት ገንዘቡ ከተጠራቀመ ጠባቂ ያጣል ነው፣ በትክክል ሰምቼዎታለሁ?» «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪልሽ ጠብቂ። ያቺን «አዎ» ካገኘሽ በኋላ የምትዪውን ሁሉ ይሰማሻል፤ መሰማቱን አይቷልና። አንዳንድ ጊዜም «የለም፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም» ይልና የምትቃወሚው ነገር እንዳልነበረ ትደርሺበታለሽ። እኔ በዚህ መንገድ ከሁለት ጠብ ድኛለሁ።

አሁን ወደ ፋብሪካው ልምጣ። ይህ ከቅሬው ይልቅ አሳስቦኛል።

መጀመሪያ ግን አፍሽ ስለተያዘ ራስሽን ፈሪ አትበዪ። ሰለሞን አሽ የሚባል፣ ፖላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህንኑ ፈትኖታል። አንድ መስመር ያሳዩሻል፤ ከዚያ ከሦስት መስመሮች ከእሱ ጋር እኩል የሆነውን ጥሪ ትባያለሽ። ልጅ የማይስተው ጥያቄ ነው። ካንቺ በፊት የሚመልሱት ሰዎች ግን በምስጢር የተዘጋጁ ናቸውና ሁሉም በአንድ ቃል የተሳሳተውን ይጠራሉ። ከተፈተኑት ሰዎች ከየአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው እያየ ከሌሎቹ ጋር አብረው ሳቱ። ከመልሶቹም ሲሦ ያህሉ እንዲሁ የሳተ ነበር። ይህ በሁለት ጭረት ላይ ነው፤ እንጀራሽ ባለበት ቦታ፣ አለቃሽ ቆሞ፣ ባልደረቦችሽ ሁሉ «ቸልተኝነት ነው» ሲሉማ እንዴት አይከብድ!

ከዚያ ፈተና ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው። ከተዘጋጁት ሰዎች አንዱ ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ ተፈታኙ አብሮ የሚስተው ከአሥር አንድ ጊዜ እንኳ አልሞላም። አንድ ሰው በቂ ነው። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት አንድ የምታምኛትን ልጅ «እኔ እንዲህ አይቻለሁ፤ አንቺስ?» ብለሽ ጠይቂያት። አይታ ከሆነ ብቻሽን አይደለሽም። አንቺም በተራሽ ለሌላው አንድ ሰው ሁኚለት። ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረ ሐሳብ ሳይነሣ ሊታለፍ ሲል «ቅድም እሷ ያለችው ላይ አልተነጋገርንበትም» ማለት ብቻ ትልቅ ሥራ ነው፤ ንግግር ለሚከብደው ሰው ደግሞ ቀላሉ መጀመሪያ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንቺ የያዝሽው ማንም ያልያዘውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ስታሰርና ታይተስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አራት አራት ተማሪ እያስቀመጡ ከዕጩዎች መካከል መሪ አስመረጡ። ስለ አንዱ ዕጩ ጥሩነት የሚናገረውን መረጃ ግን ቆራርሰው ለየሰዉ አደሉት፤ ሰዎቹ ያላቸውን ቢያዋጡ ኖሮ እሱ እንደሚበልጥ ግልጽ ነበር። አላዋጡም። ሲነጋገሩ የቆዩት ሁሉም አስቀድሞ በሚያውቀው ላይ ነበርና አብዛኞቹ ቡድኖች የተሻለውን ሰው ሳይመርጡት ቀሩ። ስብሰባ እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማውራት ይቀናዋል፣ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃልና። የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነሽ የተመለሰውን ሸሚዝ በእጅሽ የምትገለብጪው አንቺ ነሽ። ኃላፊው አላየውም፣ ሜካኒኩም አላየውም። ስለዚህ ስብሰባ ስትገቢ ራስሽን የምትጠይቂው «ምን ብል ደስ ይላቸዋል?» አይሁን፤ «እዚህ ካለው ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ያየሁት ምን አለ?» ይሁን። ያ ነገር ካለ መናገር ግዴታሽ ነው፤ ከሌለ ዝም ብለሽ ብትወጪ ማንም አይወቅስሽ።

አነጋገሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። «ማሽኖቹ አይሠሩም» ካልሽ ሜካኒኩን ከሰሽዋል፤ እሱም ሥራውን ለመከላከል ይነሣል፣ ስብሰባው ወደ ጠብ ይሄዳል። ያየሽውን ብቻ አስቀምጪ። «ትናንት ከተመለሱት 20 ሸሚዞች 13ቱ ከሰባትና ከስምንት ቁጥር ማሽን ናቸው። የቀሩት ሰባት ከሌሎቹ ማሽኖች ናቸው። መርፌው ይሁን ክሩ አላውቅም። ዛሬ ሁለቱ ይታዩ እላለሁ።» ቁጥሩ ያንቺው ይሁን፣ እውነተኛው ይሁን፤ እኔ ለምሳሌ ነው የጻፍኩት። «አላውቅም» ያልሽበት ቦታ ያዋርደኛል ብለሽ አትፍሪ። የማታውቂውን አላውቅም ካልሽ፣ አውቃለሁ በምትዪው ትታመኛለሽ።

ያንቺን ሐሳብ ሌላ ሰው ተናግሮ ስለተመሰገነው ነገር፣ እንደሚቆጭ አውቃለሁ፤ ደርሶብኛል። ግን ሰውየው ከአንቺ አልሰረቀም፣ ራሱ አይቶት ይሆናል። ቢዘገይም ጫፉን ልትይዢ ትችይ ነበር፦ «እሱ ያለውን እኔም ቆጥሬዋለሁ፤ ቁጥሩ ይኸው።» እንዲህ ብትዪ ሐሳቡ ይጠነክራል፣ ያንቺም ሥራ ይታያል።

ሌላ የምጨምርልሽ፣ ከስብሰባ ዘግይተሽ አትግቢ፤ በር ጥግም አትቀመጪ። ድንኳኑን ያሰፉት እናት በር ጥግ ሆነው ተሰሙ ብዬሻለሁ፤ እሳቸው ግን 60 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። አንቺ ገና ነሽና ተናጋሪዎቹን ፊት ለፊት የምታዪበት ቦታ ያዢ። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ትንሽ ነገር ተናገሪ። ጥያቄ ቢሆንም ይበቃል፤ «ያለፈው ወር ወጪ ስንት ነበር?» ማለት ብቻ። ድምፅሽን አንዴ አዳራሹ ውስጥ ከሰማሽው በኋላ ሁለተኛው አይከብድሽም። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ግን አፍ እየከበደ ነው የሚሄደው።

«ሴት ልጅ፣ ያውም ወጣት፣ በአባቶች ፊት...» የሚል ነገር በደብዳቤሽ መሐል ለመሐል ሸተተኝ። አልጻፍሽውም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት። ልጄ፣ አንቺ የወሎ ልጅ ነሽ። ዱበርቲ የምንላቸው እናቶቻችን ዱዓ ሲያደርጉ ሰምተሻል አይደል? አንዷ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ጨርሳ ስትመርቅ ወንዱም ሴቱም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። በዚህ አገር የሴት ድምፅ በሰው መሐል መሰማቱ አዲስ ነገር አይደለም። ደግሞ በቅሬው የምትገቢው በእናትሽ ቦታ ነው፤ እናትሽ ዓመታት የከፈለችበት፣ ድስት ያጠበችበት፣ ለቅሶ የዋለችበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ዝም ብሎ ሁለት እሑድ ባዶ መዋሉ ከንግግርሽ ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል።

በየቀኑ ሐረጎን ወርደሽ ትወጫለሽ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታክሲው ቁልቁለቱን ሲወርድ መጻፍ ባይመች ማሰብ ይመቻል። ጠዋት ስትወርጂ የዚያን ቀን ስብሰባ አንዲት መስመር በልብሽ ያዢ። ማታ ስትመለሺ ተናገርሽው ወይስ ዋጥሽው ብለሽ አስቢ። የዋጥሽውን ቀን ምን እንዳገደሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚደጋገመውን ራስሽ ታዪዋለሽ።

የፊታችን እሑድ ቅሬ ሂጂ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት እኒያን አባት ፈልገሽ ጉልበት ሳሚና «አባባ፣ ባለፈው የጠየቁኝን ጥያቄ መልስ ይዤ መጥቻለሁ» በያቸው። የመዋጮው ነገር ተወስኖ አልፎ ከሆነም ንገሪያቸው፤ ጡረተኞቹ ገና አሉ፣ እናትሽም አለች። ከዚያ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀመጪ። ከንግግርሽ የጻፈውን መስመር ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ እጠብቃለሁ።